«አጥፋ» የሚለውን አልነካም

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ። ከጠዋቱ 12 ተኩል

ዛሬም አልተነሣም። ተጫንኩት። ጠቆረ፣ ነጭ ጽሑፍ አወጣ፣ ተመልሶ ጠቆረ። ሦስተኛ ቀኑ። ደብተሬ፣ ኮምፒውተሩን ከዛሬ ጀምሮ ኮ/ር እለዋለሁ። ሙሉውን ለመጻፍ ወረቀትሽም ትዕግሥቴም አይበቃም።

የባለቤቴ የአስካል ነው። ካረፈች ሁለት ዓመት አልፏል፣ እኔ አሁንም ክዳኑን ከመክፈቴ በፊት እጄን በጨርቅ እጠርጋለሁ። በሕይወት ሳለች ሳይጠርጉ መንካት ክልክል ነበር።

ሁለት ዓመት ሙሉ አልከፈትኩትም። ያስከፈቱኝ ጎረቤቴ እትዬ ዝናሽ ናቸው። ባላቸው ጋሼ ፈንታው ጥቅምት 5 ዐረፉ። ለፍትሐቱ ካህኑ የክርስትና ስም ቢጠይቁ የሚያውቅ ጠፋ። እናታቸው የሉም፣ ክርስትና አባታቸው የሉም። እትዬ ዝናሽ እያለቀሱ፦ «ገብረ… ገብረ ማን እንደሆን ጠፋኝ። ግማሹ ብቻ ነው ያለኝ!» በግማሽ ስም አይጸለይም። በዓለም ስማቸው ተጠርተው ተቀበሩ። ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ እህል አይወርድላቸውም። አርባው ኅዳር 14 እሑድ ነው፣ ጾመ ነቢያት ሊገባ በዋዜማው።

ስሙ ያለው እዚህ ኮ/ር ውስጥ ነው። አስካል የት/ቤት ጸሐፊ ነበረች። ጡረታ ከወጣች በኋላ ልቅሶ ቤቱን፣ ክርስትና ቤቱን፣ ደጀ ሰላሙን እየዞረች የአጥቢያውን ሰው የክርስትና ስም ሰበሰበች። ሰው ሲሞት ስሙ አብሮ እንዳይቀበር ብላ። የጋሼ ፈንታውን ከወላጅ እናታቸው አፍ ነው የተቀበለችው። በወረቀት ልታወጣው ነበር። ሕመሙ ቀደማት።

አሥራ ሁለት ቀን አለኝ። ይነሣል።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ። ከሰዓት በኋላ

ኮ/ሩን በጋቢዬ ሥር ይዤ ወደ ዮሴፍ ጥገና ቤት። ሲያየው ሳቀ። «ጋሼ ምስጋናው፣ ይሄ እኮ ቅርስ ነው። ከመስቀሎቹ ጋር ዕቃ ቤት ቢያስገቡት ይሻላል።» ከፍቶ አየው። ሲስተሙ ሞቷል አለ። ዲስኩን ጠርጎ አዲስ ይጭናል፣ የሁለት ሰዓት ሥራ ነው። ውስጡ ያለውስ? አልኩ። አብሮ ይሄዳል። ስም ከሆነ እንደገና ይጻፉት አለ።

ከማን ጠይቄ? ከመቃብር?

እንዲህ አልኩት፦ እኔ ጫማ የምጠብቅበት የቤተ ክርስቲያን በር ከዐለት ከተጠረበ ስንት መቶ ዓመቱ ነው፤ አርጅቷልና ጠርጋችሁ አዲስ ጫኑ ያለ እስከ ዛሬ አልመጣም። «ድንጋይ ፎርማት አይደረግማ!» አለኝ። ጥሩ መልስ ነው። መንገድ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። ኮ/ሩን ግን አልሰጠሁትም።

ማታ ሳይሆን ገና ፀሐይ ሳትገባ ለልጄ ለሰብለ ደወልኩ። ባሕር ዳር ናት፣ ሥራዋ ይኸው ነው። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንድ ሲስተም አዘጋጅተዋል። ዓለም በነፃ የሚጠቀምበትን ወስደው፣ ለአሮጌ ማሽን የሚከብደውን እየቀነሱ፣ ትእዛዙን በአማርኛ፣ ዘመን አቆጣጠሩን በእኛ አድርገው። ስሙን «ውቅር» ብለውታል። ለምን? ብላት፦ «እንደ እኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ነዋ አባዬ። አልገነባነውም፣ ትርፉን አነሣን።»

ይዘኸው ና አለች። መንገዱ አይታመንም፣ ቀኑ ሄደ አልኳት። እንግዲያው እልክልሃለሁ፣ ራስህ ትጭነዋለህ አለች። እኔ! ከስምንተኛ ክፍል የወጣሁት! ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች። እናቷም እንዲህ ነበር የምታሸንፈኝ።

ላኪው አልኩ።

ኅዳር 5፣ ዓርብ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት

መጣ። በጋሸና በኩል፣ በሚኒባስ ሹፌር እጅ። ፍላሽ በባዶ የመድኃኒት ጠርሙስ ውስጥ፣ አፉ በፕላስተር ታሽጎ። አብሮት ወረቀት፣ በሰብለ እጅ ጽሑፍ አሥራ አንድ ተራ።

ተራ 1። ቀን ማስተካከል። ውስጡ ያለችው ክቧ ባትሪ ስለሞተች ከመብራት በተነቀለ ቁጥር ቀኑን ይረሳል። ሰማያዊ ገጽ፣ ሁሉም እንግሊዝኛ፣ ግን ቁጥር ቁጥር ነው። አስገባሁ፦ 5፣ 3፣ 2018። ሰዓት 3 ከ10። በስልክ ቀኑን አስተካከልክ? አለችኝ። በሚገባ! አልኳት። ኮራሁ።

ተራ 2። ኤፍ አሥራ ሁለት የሚለውን ቁልፍ ይዞ ማስነሣት።

ተነሣ!! ደብተሬ፣ በፊደላችን፣ በትልቁ፦ «እንኳን ደህና መጡ»። አማተብኩ። ከወንበሩ መነሣቴን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ከፍላሹ ነው የሚሠራው፤ ገና ኮ/ሩ ላይ አልተጫነም።

ተራ 3። ከመጫን በፊት አሮጌውን ዲስክ ከፍቶ የአስካልን መዝገብ ወደ ሌላ ፍላሽ መገልበጥ። ከፈትኩ። «ይህን ዲስክ ማንበብ አልቻልኩም» አለኝ። ደግሜ። ያው።

ለሰብለ በስልክ ነገርኳት። ከዚያ በቀጭን ድምፅ ተናዘዘች። አሮጌውን ዲስክ የሚያነበው መሣሪያ ውቅር ውስጥ የለም። «ትርፍ መስሎኝ ጠረብኩት አባዬ።» የቤተ ማርያምን ዓምድ ትርፍ ነው ብሎ የጠረበ የለም አልኳት። ሳቀች፣ ግን አፈረች። ተጸጸትኩ።

መፍትሔ፦ መሣሪያውን በስልኬ ኢንተርኔት አገናኝቶ ማውረድ። ከሰኞ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ፣ ቁስቋም

ሥራ በዛ። ምእመናኑ ከነአኩቶ ለአብ በኩል ሁሉ መጥተዋል። በሩ ላይ የጫማ ባሕር።

እኔ ወረቀት አልሰጥም። ጫማንም በመልኩ አላውቅም፣ አንድ ዓይነት ፕላስቲክ ጫማ ሃምሳ አለ። የማውቀው በቦታው ነው። አንዱ ሲወጣ ቦታው ባዶ ይቆያል፣ ሌላው ወደዚያ አይገፋም። ሃያ ሁለት ዓመት፣ ጫማ የተለወጠበት ሰው አልነበረም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እሱም ሰክሮ ነበር፤ የገዛ ጫማውን ካደ።

ኮ/ሩንም እንዲሁ ነው የምይዘው። ባለቤቱ ሳይመጣ የማንም ቦታ አይነካም።

ኅዳር 8፣ ሰኞ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት

ቀኑን እንደገና ሞላሁ። 8፣ 3፣ 2018። ስልኬን አገናኘሁ። ኔትወርክ ሙሉ ነው። ኮ/ሩ እንቢ አለ።

ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው። ለሰብለ ፊደል በፊደል አነበብኩላት። ትርጉሙ፦ መሣሪያውን የሚልከው ወገን የማንነት ማኅተም «ገና ጊዜው አልደረሰም»። የምን ጊዜ? እሷም ግራ ገባት። ቀኑ ልክ ነው አይደል አባዬ? ልክ ነው አልኩ።

እዚህ ላይ ላንቺ ልናዘዝ። ከታች በጥጉ ኮ/ሩ የሚያሳየው ቀን ልክ አይደለም። «የካቲት 29 ቀን 2010» ይላል። እኔ ያስገባሁትን ትቶ ከየት እንዳመጣው አላውቅም። ያረጀ ሰው ቀን እንደሚጠፋበት ጠፍቶበት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ለሰብለ መንገር ነበረብኝ። አልነገርኳትም።

ለምን? 2010 አስካል ነበረች። የካቲት መጨረሻ… ዓቢይ ጾም ነው፣ ሽሮ ጨው በዝቶበታል ብያት ሦስት ቀን አኩርፋኛለች፣ ያም በዚያ ዓመት ይመስለኛል። ኮ/ሩ እዚያ ቆሟል። ጥጉን ሳይ ደስ አለኝ። ዕድሜ ጠገብኩ እላለሁ እንጂ እንዲህ ያለ ሞኝነት አለብኝ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

እንቢ። አራት ጊዜ። «ገና ጊዜው አልደረሰም።»

ተናድጄ «ጫን» የሚለውን ከፈትኩ። ሁለት ምርጫ መጣ። አንደኛ፦ «ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አጥፋና ጫን»። ሁለተኛ፦ «ከነበረው ጎን ጫን»። አንደኛው አስቀድሞ ተመርጦ ነው የሚመጣው። እኔ ሳልነካው! «አስገባ» የሚለውን ቁልፍ ብጫን ኖሮ አለቀ። ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበረች። ፈተናም እንዲሁ ነው፤ አንተ እስክትመርጥ አይጠብቅም፣ ተመርጦ ይቆይሃል።

ዘጋሁት። ወረቀቱ ላይ በትልቁ ጻፍኩ፦ «አጥፋ» የሚለውን አልነካም።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ። ከቀኑ 9 ሰዓት

እትዬ ዝናሽ ጫማ ወደምጠብቅበት በር መጡ። ጫማቸውን አውልቀው ሳይገቡ ቆሙ። «ምስጋናው ወንድሜ፣ ያ ሣጥን ተናገረ?» ገና ነው እትዬ። «ገብረ ሚካኤል ብለን ብንገምትስ? ብዙ ሰው ገብረ ሚካኤል ነው።» ገምተን? አልኩ። ራሳቸው አፈሩና፦ «በባሌ ተዝካር የሰው ባል ላስምር ነው?» ብለው ሳቁ። ከልቅሶው ወዲህ ሲስቁ ያየሁ ዛሬ ነው። ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ዮሴፍም ሊሳለም መጥቶ ጫማውን ሲሰጠኝ፦ «ጋሼ፣ ትንሣኤው መቼ ነው?» ጫማውን ከጥግ አስቀመጥኩለት፣ ከበግ በረት ከመጣ ሰው ጫማ አጠገብ።

የነፍስ አባቴን መምሬ ኃይሉን አማከርኳቸው። ልጄ አትጨነቅ፣ ስሙን እግዚአብሔር ያውቀዋል አሉኝ። መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ። ላንቺ ግን እላለሁ፦ እሱ እንደሚያውቅማ አውቃለሁ። እኛ ነን የማናውቀው። ለእሱ ቢሆን አስካል በዝናብ ቤት ለቤት ባልዞረች።

መምሬን ያልነገርኳቸው ሌላ ነገር አለ። አንድ ቀን ስትጽፍ ምሳ ዘገየ። ተቆጣሁ። የሞተ ሰው ስም ከምትለቅሚ የቆመውን አብዪ አልኳትና ክዳኑን ጣቷ ላይ ዘጋሁት። የግማሽ ቀን ሥራ ጠፋ። ጣቷን ይዛ አየችኝ። አልተቆጣችም። ምሳ አቀረበች፣ ከዚያ ተመልሳ ከመጀመሪያው ጻፈችው። ና ላስተምርህ ትለኝ ነበር በፊት። ከዚያ ቀን በኋላ አላለችኝም። ይቅርታ አልጠየቅኋትም። ቆይ ነገ፣ ቆይ ከነገ ወዲያ። ሞተች።

እንግዲህ ለጋሼ ፈንታው ብቻ አይደለም የምታገለው። ይኸው አልኩት።

ኅዳር 12፣ ዓርብ፣ ሚካኤል። ከጠዋቱ 5 ሰዓት

ገባኝ!!! ገባኝ!!!

ከቅዳሴ በኋላ። አስጎብኚው ሁለት ፈረንጆች ይዞ መጣ። የእንግዶች መዝገብ በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ የጫማቸውን ቦታ እያበጀሁ ዓይኔ ወደቀበት። ፈረንጁ የራሱን ቀን ጻፈ፦ 21፣ 11፣ 2025። አስጎብኚው ከጎኑ የእኛን፦ 12፣ 3፣ 2018። ሁለት ቀን፣ አንድ ጠዋት።

ጫማውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ፈረንጁ የወደደው መስሎት «ጉድ፣ ጉድ» አለኝ።

ኮ/ሩ ከሥሩ ፈረንጅ ነው! ውቅር ላይ ላዩን አማርኛ አለበሰው እንጂ ሰማያዊው ገጽ የሚጠብቀው የእነሱን ቁጥር ነው። እኔ የእኛን ሰጠሁት። እሱ የእነሱ መስሎት ተቀበለኝ። ሰብለ የሠራችው ደግሞ ያንን ወደ እኛ መለሰው፣ ሌላ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ። ስለዚህ 2010። ስለዚህ «ገና ጊዜው አልደረሰም»፤ የዘንድሮ ማኅተም ለ2010 ሰው ገና አልተቀረጸማ!

ሰብለ ስነግራት ጮኸች። ከዚያ፦ «ጥጉ ላይ 2010 ሲል አላየኸውም?» አየሁ አልኩ። ለምን አልነገርከኝም? …እናትሽ ያለችበት ዓመት ነበር አልኳት። አፍንጫዋን ስትናፈጥ ሰማሁ።

ያው ቀን፣ 8 ሰዓት

አስገባሁ። 21፣ 11፣ 2025። ሰዓቱንም በእነሱ። ቁልፉን ከመጫኔ በፊት ትንሽ ቆየሁ። ሳስተካክለው አስካልን ሁለተኛ የምቀብር መሰለኝ። ከዚያ እትዬ ዝናሽ በባዶ እግራቸው በሩ ላይ ሲቆሙ ታዩኝ። ተጫንኩ።

ጥጉ፦ ኅዳር 12 ቀን 2018።

ኔትወርኩ ተከፈተ። መሣሪያው ወረደ። ዲስኩ ተከፈተ። የአስካል ማኅደሮች በተርታ፣ እያንዳንዳቸው በቦታቸው፣ እንደ ቅዳሴ ቀን ጫማ። አንዱ፦ «የክርስትና ስም»። መጀመሪያ ወደ ፍላሽ ገለበጥኩ፣ ሳላይ። ተራ በተራ። ከዚያ ከፈትኩ። ፈንታው… ፈንታው…

ወልደ ትንሣኤ።

ገብረ አይደለም። ገብረ የሚባል ነገር የለበትም!

በአጥሩ ላይ ጠርቼ ነገርኳቸው። እትዬ ዝናሽ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው፦ «ታዲያ ገብረ የማን ነው?!» አሰቡ፣ አሰቡ። «ውይ! ገብረ የወንድሜ ነው!» እየሳቁ ነው ያለቀሱት። እኔም።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ዮሴፍ ቤቴ ድረስ መጣ። ወሬው ደርሶታል። ክቧን ባትሪ ይዞልኝ መጥቶ ራሱ ቀየራት፣ አሁን ቀን አይረሳም። ፍላሹን አየ፣ ስክሪኑን አየ። ለሌሎችም አሮጌ ማሽኖች ይሆን እንደሆን ጠየቀ። ለቅርስ? አልኩት። «ጋሼ፣ ይቅር በሉኝማ!» ሰብለን አስፈቅጄ እገለብጥልሃለሁ አልኩ። ጫማውንም ሁለተኛ ከበረት ጫማ አጠገብ አላኖርም፤ ይህን ግን አልነገርኩትም።

አሁን መዝገቡ በፍላሽ ስለተረፈ አሮጌውን ጠርጎ መጫን ይሻላል፣ ፈጣን ይሆናል አለ። ሰብለም በስልክ ያንኑ አለች። ሁለቱም ልክ ናቸው። እንቢ አልኩ። ባዶ ቦታ አለ፣ እዚያ ይግባ። የእሷ ቦታ አይገፋም። ሁለተኛውን መረጥኩ፦ «ከነበረው ጎን ጫን»። ሌላ ሰው ቁልፉን እንዲነካልኝ አልፈቀድኩም።

የባለቤቱን ስም ጠየቀኝ። አስካል ልጽፍ ጀመርኩ። አ፣ ስ… አጠፋሁት። ከእንግዲህ ፊቱ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ምስጋናው ብዬ ጻፍኩ። ፊደሎቹን ለማግኘት ብዙ ቆየሁ። ዮሴፍ ሊጠቁመኝ ጣቱን ዘረጋ፣ አየሁት፣ መለሰ።

አርባ ደቂቃ ፈጀ። ተነሣ። ያለ ፍላሽ። በራሱ እግር።

ኅዳር 14፣ እሑድ። ከቀኑ 10 ሰዓት

ተዝካሩ አለፈ። ጸሎቱን ያደረሱት መምሬ ኃይሉ ራሳቸው ነበሩ። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። በጸሎቱ መካከል «ወልደ ትንሣኤ» ሲሉ እትዬ ዝናሽ ከሴቶቹ መካከል ቀና አሉ፤ ከሩቅ የጠራቸው ሰው ያለ ይመስል። ደጋግመው ሰገዱ። ጠበል ጠዲቁ ላይ ለሁለት ሰው የሚበቃ በላሁ፣ እምቢ ብል አይሰሙኝም።

ስወጣ መምሬ ጠሩኝ። መዝገቡን ለአጥቢያው ቢሮ ብታስረክብ፣ ወጣት ጸሐፊ አለ፣ አንተም ታርፋለህ አሉኝ። ግልባጩን እሰጣለሁ አባቴ አልኩ፣ መዝገቡን ግን አላስረክብም። ከእንግዲህ እኔ እጽፋለሁ። አየት አደረጉኝ። በስንት ጣትህ? አሉ። በሁለት አልኩ። ሳቁና ባረኩኝ።

አሁን ቤት። ፀሐይ በመስኮት። እጄን ጠርጌ ከፈትኩት። ዝርዝሩን እስከ ታች ወረድኩ። 412 ላይ ይቆማል። የመጨረሻዋ በሚያዝያ ክርስትና የተነሣች ሕፃን ናት። አስካል ግንቦት ላይ ዐረፈች።

እሷ የለችበትም። የሁሉን ጽፋ፣ የእኔን እንኳ በ7ኛው ጽፋ፣ የራሷን አልጻፈችም። ሁለት ጊዜ ፈለግሁ። ማን የሚጽፍላት መስሏት ነበር?

በየስሙ ትይዩ ቃሉን የሰጠው ሰው የሚገባበት ዓምድ አለ። «እናቱ»። «ክርስትና እናቷ»። «እኅቱ»። 

413 ብዬ ጻፍኩ። በአንድ ጣት። ክዳኑን ጣቷ ላይ በዘጋሁበት በዚያ እጄ።

የዓለም ስም፦ አስካል።
የክርስትና ስም፦ ወለተ ኪዳን።
ቃሉን የሰጠ፦ ባሏ።

ከእሷ በኋላ ያረፉትን፣ ክርስትና የተነሡትን፣ ከነገ ጀምሮ ከበሩ ስወጣ ቤት ለቤት። በመጀመሪያ ወደ እትዬ ዝናሽ፣ የዚያን የወንድማቸውን። ገብረ ማን እንደሆን ገና አልነገሩኝም።